ከአምስት ዓመቱ በፊት ያሉት 90 ቀናት፦ በትልቁ አንጀት ካንሰር ቶሎ የመሞት አደጋ እንዴት ይገመታል?

የትልቁ አንጀት ካንሰር የተገኘበት ሰውና ቤተሰቡ ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ከአፋቸው የሚወጣው፣ ባይወጣም በልባቸው የሚመላለሰው ጥያቄ «ስንት ጊዜ አለው?» የሚል ነው። ጥያቄው አንድ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው ታካሚው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሕይወት ይቆያል ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በመጪዎቹ ሳምንታትና ወራት፣ ገና በሕክምናው መግቢያ ላይ ሳለ ሕይወቱ ያልፍ ይሆን ወይ የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ በአብዛኛው መልስ የሚሰጠው የዕጢው ጠባይና ስርጭት ነው። ሁለተኛውን ግን በእጅጉ የሚወስነው ዕጢውን ተሸክሞ የሚኖረው ሰውነት ያለበት ሁኔታ ነው። ይህ ማብራሪያ ይበልጥ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ለታካሚዎች የሚነገረው ጥቂት ሲሆን፣ አደጋው አስቀድሞ ከታወቀ ግን ብዙ ጊዜ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ።

በሕክምናው ዓለም «ቶሎ መሞት» የሚባለው እንደ ሁኔታው ይለያያል። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ከቀዶው በኋላ ባሉት 30 ወይም 90 ቀናት ውስጥ የደረሰ ሞት ይቆጠራል። ካንሰሩ ተሰራጭቶ ኬሞቴራፒ ለጀመረ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ 60 ወይም 90 ቀናት ይታሰባሉ። በሁለቱም ቆጠራዎች የሞቱ ምክንያት አይመረጥም። ከካንሰሩ ይሁን ከልብ ሕመም፣ ከኢንፌክሽን ይሁን ከደም መርጋት፣ ማንኛውም ሞት ይመዘገባል።

ምክንያቱን ሳይመርጡ መቁጠር ለምን እንዳስፈለገ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በመካሄድ ላይ ነበሩ። በሁለቱም ውስጥ አይሪኖቴካን፣ ፍሎሮዩራሲልና ሉኮቮሪን የተባሉ መድኃኒቶች በየሳምንቱ በአንድነት ይሰጡ ነበር። አንደኛው ጥናት ካንሰሩ የተሰራጨባቸውን ሰዎች የያዘ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውንና መድኃኒቱን ለመከላከያ የሚወስዱ ሰዎችን የያዘ ነበር። የጥናቶቹ ተቆጣጣሪዎች በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት የሞቱትን ሲቆጥሩ፣ ሦስቱን መድኃኒት በጋራ በሚወስዱት ዘንድ የሞቱት ቁጥር ከማነጻጸሪያው ቡድን በሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ አገኙት። አንድ በአንድ ሲታዩ ሞቶቹ የተያያዙ አይመስሉም ነበር፤ አንዱ በልብ ድካም፣ ሌላው በሳንባ ውስጥ በረጋ ደም፣ ሌላው በተቅማጥና በትኩሳት የሞተ ተብሎ ተመዝግቧል። ገለልተኛ የሐኪሞች ቡድን መዝገቦቹን አንድ ላይ ሲመረምር ግን ሁለት ተደጋጋሚ መልኮችን ለየ። አንዱ ከባድ ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና የነጭ የደም ሕዋሳት መመናመን በአንድ ጊዜ የሚታዩበት የሆድ ዕቃ ሕመም ነው። ሌላው ድንገተኛ የደም መርጋት ወይም የልብ አደጋ ነው። ምልመላው ተገታ፣ የመድኃኒቱ መጠን ተቀነሰ፣ በሕክምናው ሳምንታት ታካሚውን በቅርብ መከታተልም ግዴታ ሆነ። በተለይ ሁለተኛው ጥናት ሊዘነጋ አይገባም፤ በዚያ የሞቱት ዕጢያቸው ወጥቶ የመዳን ተስፋ የነበራቸው ሰዎች ነበሩ።

የቶሎ ሞት ትንበያ ምን እንደሚጨምር ለመረዳት የካንሰር ደረጃ ምን እንደሚነግረን ማየት ያስፈልጋል። የለንደኑ የፓቶሎጂ (ከአካል የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ሐኪም ከትበርት ዱክስ በ1932 የፊንጢጣ ካንሰርን የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ እንደሆነና ወደ ሊምፍ ኖዶች ደርሶ እንደሆነ በማየት በሦስት ከፍለውት ነበር። ሊምፍ ኖድ የሚባሉት በአንጀቱ ዙሪያ ያሉ፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚሰባሰቡባቸው ትናንሽ ቋጠሮዎች ናቸው። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ቲኤንኤም የተባለው አመዳደብም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ዕጢው ምን ያህል ጠልቋል፣ ስንት ሊምፍ ኖድ ተነክቷል፣ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሌላ አካል ተሰራጭቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ላይ በተመሠረተው ስሌት፣ ከካንሰሩ ውጪ ያሉ የሞት ምክንያቶች ተቀናንሰው፣ ካንሰሩ ከአንጀቱ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች ከመቶ 90 ገደማ አምስት ዓመት ይሻገራሉ። በአካባቢው ላሉ ሊምፍ ኖዶች ከደረሰ ቁጥሩ ከ70 እምብዛም አይርቅም። ሩቅ አካል ከደረሰ ግን ወደ 13 ገደማ ያሽቆለቁላል።

ይሁን እንጂ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ የሚወጣ አይደለም። የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ የወጣ፣ ነገር ግን አንድም ሊምፍ ኖድ ያልነካ ዕጢ በሁለተኛ ደረጃ ይመደባል። ከግድግዳው ሳይዘልቅ አንድ ሁለት ኖድ የነካ ትንሽ ዕጢ ግን ሦስተኛ ደረጃ ይባላል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ሲቆጠሩ ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት ያለው ሦስተኛ የተባለው ነው። በተጨማሪም ደረጃው ትክክል የሚሆነው ፓቶሎጂስቱ በቂ ኖዶች ፈልጎ ከመረመረ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥር 12 ተብሎ ተቀምጧል። ስድስት ኖድ ብቻ ታይቶ «ሁሉም ንጹህ ነው» የሚል ወረቀት 20 ኖድ ታይቶ ከተጻፈው ጋር እኩል ክብደት የለውም። የፓቶሎጂ ውጤት በእጁ ያለ ሰው የተመረመሩት ኖዶች ስንት እንደሆኑ ወረቀቱ ላይ ቢፈልግ አይከፋም።

ደረጃ ይህን ሁሉ ቢነግረንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማን አደጋ ላይ እንደሆነ ለይቶ አይነግረንም። አራተኛ ደረጃ ላይ ያሉ፣ ማለትም ካንሰሩ ሩቅ አካል የደረሰባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ዓመታትን ሊቆይ፣ ሌላው ሁለተኛውን ዙር ኬሞ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ልዩነት ለማስላት ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ክብደት የምሰጠው በ2017 የታተመውንና አርካድ በተባለው ዓለም አቀፍ የጥናቶች ክምችት ላይ የተመሠረተውን ነው። ተመራማሪዎቹ ለተሰራጨ የአንጀት ካንሰር የመጀመሪያ ሕክምና የተሞከረባቸውን 28 ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው የ22,654 ታካሚዎችን መረጃ መረመሩ። ሕክምና በጀመሩ በ30 ቀናት ውስጥ ከመቶ 1.4፣ በ60 ቀናት 3.4፣ በ90 ቀናት ደግሞ 5.5 ያህሉ ሕይወታቸው አልፏል። እነዚህ ሰዎች ለጥናት የተመረጡ፣ ሲጀምሩ በአንጻሩ ጠንካራ የነበሩ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ በተራው ክሊኒክ ያለው ቁጥር ከዚህ ከፍ ማለቱ የማይቀር ነው።

በዚያ ሥራ ከቶሎ ሞት ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ዕድሜ መግፋት፣ የሰውነት ክብደት ከቁመት አንጻር ማነስ፣ የዕለት ተዕለት አቅም መዳከም፣ ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ቦታዎች መብዛት፣ ቢራፍ የተባለው ዘረመል መለወጥና በርከት ያሉ የደም ምርመራ ውጤቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስለ ዕጢው የሚናገሩት ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል። የቀሩት ስለ ሰውየው ይናገራሉ።

አቅም የሚለካው ኢኮግ በሚባል ቀላል መለኪያ ነው። ዜሮ ማለት እንደ ቀድሞው ያለ ገደብ የሚንቀሳቀስ፣ አንድ ማለት ከባድ ሥራ ያቃተው ነገር ግን ወዲያ ወዲህ የሚልና ቀላል ሥራ የሚሠራ ማለት ነው። ሁለት የሚሰጠው ራሱን የሚችል ግን ሥራ መሥራት ያልቻለ፣ ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ ከግማሽ በላዩን ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ሦስት የሚሰጠው ከግማሽ በላዩን በአልጋ ወይም በወንበር ለሚያሳልፍ፣ አራት ደግሞ ፈጽሞ ከአልጋ ለማይነሳ ነው። መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በጥያቄና በማየት ብቻ የሚሞላ መለኪያ ሆኖ ሳለ ከብዙ ውድ ምርመራዎች የበለጠ ስለ መጪዎቹ ሳምንታት ይናገራል። እዚህ ላይ የቤተሰብ ድርሻ ትልቅ ነው። ታካሚ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ተጠናክሮ ይቀርባል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ እንደሚውል የሚያውቁት አብረውት ያሉት ናቸው። ያንን ካልተናገሩ አንድ ተብሎ የተመዘገበው ሰው በእርግጥ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ የኬሞው መጠንም በተሳሳተው ቁጥር ይታዘዛል።

ከደም ምርመራዎቹ መካከል አልቡሚን የተለየ ትኩረት ይገባዋል። አልቡሚን ጉበት የሚሠራው፣ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ3.5 ግራም በታች ሲወርድ እንደ ዝቅተኛ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ዝቅታውን ከምግብ እጥረት ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ ስለዚህም ለታካሚው እንቁላልና ሥጋ በላይ በላዩ ይቀርብለታል። ምግቡ ባይጠላም ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ካንሰሩ በሰውነት ውስጥ የማያቋርጥ ብግነት (የሰውነት መከላከያ መቆጣት) ሲፈጥር ጉበት ወደ ሌሎች ፕሮቲኖች ሥራ ይዞርና የአልቡሚን ምርቱን ይቀንሳል፤ ካፒላሪ የሚባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም አልቡሚኑን ወደ ውጪ ያሾልካሉ። ስለዚህ ዝቅተኛ አልቡሚን ምግብ መጉደሉን፣ የጉበት መጎዳቱንና የብግነቱን ስፋት በአንድነት የሚያሳይ ምልክት ነው። አልቡሚንን በመርፌ መስጠት ቁጥሩን ለጥቂት ቀናት ከፍ ቢያደርገውም የሚያመለክተውን አደጋ አያስወግድም። ነጭ የደም ሕዋሳት፣ በተለይም ኒውትሮፊል የሚባሉት ያለ ኢንፌክሽን ሲበዙም ያው የብግነት ታሪክ ነው የሚነገረው።

እንዲህ ያለ ስሌት እንዴት ይሠራል? በመሠረቱ ቀደም ሲል የታከሙ ሰዎች መረጃ ይሰበሰባል፣ ማን በ90 ቀን ውስጥ እንደሞተና ማን እንዳልሞተ ይታያል፣ እያንዳንዱ ምልክት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሌሎቹ ባሉበት ይሰላል። አዲስ ታካሚ ሲመጣ የእርሱ ቁጥሮች በዚያው ቀመር ውስጥ ገብተው አንድ ፐርሰንት ይወጣል። ቀመሩ «20 በመቶ» ካለ፣ ትርጉሙ ይህን ታካሚ በተቆጠሩት ነገሮች ከሚመስሉ 100 ሰዎች ውስጥ 20 ያህሉ በ90 ቀን ውስጥ አልፈዋል፣ 80 ያህሉ ግን አላለፉም ማለት ነው። ይህ ሰው ከ20ዎቹ ይሁን ከ80ዎቹ ቀመሩ አያውቅም። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው፤ ፐርሰንት ሰምቶ ከክሊኒክ የወጣ ሰው ግን ቁጥሩን እንደ ፍርድ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሐኪሞች ሊያውቁት ይገባል። ቁጥሩ መነገር ያለበት ሁለቱንም ወገን፣ የሞቱትንም የኖሩትንም በሚያሳይ መንገድ ነው።

የቀመር ጥራት የሚለካው በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው። የመጀመሪያው አደጋ ላይ ያለውን ከሌለው መለየት ይችላል ወይ የሚል ነው። የአርካዱ ስሌት በዚህ 0.77 አግኝቷል፤ በቀላሉ ሲተረጎም፣ ቀድሞ የሞተ አንድ ሰውና ከእርሱ በላይ የቆየ አንድ ሰው በዕጣ ቢወጡ ስሌቱ ከመቶ ጊዜ በ77ቱ ከፍተኛውን አደጋ ለትክክለኛው ሰው ይሰጣል። ሳንቲም በመወርወር 50 ይገኛል፤ ፍጹም የሆነ ቀመር ቢኖር 100 ያገኝ ነበር። 77 የሚናቅ አይደለም፣ ነገር ግን የአንድን ሰው ሕክምና ለመከልከል ብቻውን የሚበቃ ማስረጃም አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ የሚወጣው ፐርሰንት ከእውነታው ጋር ይገጥማል ወይ የሚል ነው። የገበያ ሚዛን የትኛው ጆንያ እንደሚከብድ በትክክል እየለየ ሁሉንም በአምስት ኪሎ አጋንኖ ሊያሳይ ይችላል፤ ቀመርም እንዲሁ ታካሚዎችን በትክክል ደርድሮ ሳለ ቁጥሮቹ ሁሉ የተጋነኑ ወይም ያነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው አንድ ቀመር በተሠራበት ሆስፒታል ብቻ ሳይሆን በማያውቃቸው ታካሚዎች ላይ መፈተን ያለበት። የአርካዱ ስሌት ከ28ቱ ጥናቶች ውጪ በሆነ መረጃ ላይ ተፈትኖ ትንበያው ከእውነታው ጋር ተቀራርቦ ተገኝቷል። ከሚታተሙት ቀመሮች ብዙዎቹ ግን ይህን ፈተና ሳያልፉ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ለይቼ ላሳይ፤ ምክንያቱም ዛሬ በተሰራጨ የአንጀት ካንሰር ቶሎ መሞትን እንተነብያለን በሚሉ ብዙ ጽሑፎች ውስጥ ይደጋገማል። ሥራዎቹ በአብዛኛው የሚጠቀሙት በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሥር ያለውን «ሲር» የተባለ ግዙፍ መዝገብ ነው። መዝገቡ ዕድሜን፣ ደረጃን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ኬሞ መሰጠት አለመሰጠቱን ይዟል፤ አልቡሚንን ወይም የታካሚውን አቅም ግን አልያዘም። ከዚህ መረጃ የሚወጣው ቀመር ዘወትር «ኬሞ አለመውሰድ ለቶሎ ሞት ዋነኛው ምልክት ነው» ይላል። ነገር ግን በምርመራው በሦስተኛው ሳምንት የሞተ ሰው ኬሞ ለመጀመር ጊዜ አልነበረውም፤ በጣም የደከመውም ሐኪሙ ሊሰጠው አልደፈረም። ኬሞ ባለመውሰዱ ቶሎ ሞተ ከማለት ይልቅ ቶሎ ስለሞተ ኬሞ አልወሰደም ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። የወደፊቱን የሚተነብይ ቀመር ትንበያው በሚደረግበት ዕለት የማይታወቅን ነገር መጠቀም አይችልም። ይህ ጉድለት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩትንም ቀመሮች አይምርም፤ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን የተሰጠውን መረጃ ጉድለት ከራሱ ሊሞላ አይችልም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው አደጋ የራሱ ጠባይ አለው። ዋናው መለያ ቀዶው በዕቅድ የተደረገ ነው ወይስ በድንገት የሚለው ነው። ዕጢው አንጀቱን ዘግቶት ወይም በስቶት በሌሊት ወደ ቀዶ ክፍል የሚገባ ሰው፣ ተመርምሮና ተዘጋጅቶ በቀጠሮ ከሚገባው ይልቅ በ90 ቀን ውስጥ የመሞት አደጋው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሆዱ የተነፋ፣ ፈሳሽ ያጣ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ምናልባትም ኢንፌክሽን ወደ ደሙ የገባ ሰው ነው የሚተኛው። በእንግሊዝ አገር እንኳን ከአምስት የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች አንዱ ገደማ የሚታወቀው እንዲህ በድንገተኛ ክፍል በኩል ነው። ስለዚህ የቶሎ ሞት አደጋ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል በፊት ነው፤ ከሰገራ ጋር የሚታየው ደም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ወራት ባለፉ ጊዜ፣ የሆድ ድርቀትና የክብደት መቀነስ በጾም ወይም በድካም ተሳቦ በታለፈ ጊዜ።

በዕቅድ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና የተሠሩ በርካታ የአደጋ መለኪያዎች አሉ። ከጥንቶቹ አንዱ የማደንዘዣ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትና ታካሚውን እንደ አጠቃላይ ጤንነቱ የሚመድበው ኤኤስኤ የተባለው ሲሆን መነሻው በ1941 ነው። በ1991 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ፖሰም የታካሚውን የሰውነት ሁኔታና የቀዶውን ክብደት አንድ ላይ ያሰላል፤ ቀላል አደጋ ላይ ያሉትን አጋንኖ ስለሚተነብይ በ2004 ለአንጀት ቀዶ ሕክምና ብቻ የሚሆን ሌላ ቅጽ ወጥቶለታል። በ2013 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ ከ1.4 ሚሊዮን ገደማ ታካሚዎች መረጃ የተሠራ ማስሊያ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። የእነዚህ ማስሊያዎች ጥቅም ማንን እንቀድ ማንን እንተው ለማለት ብቻ ቢሆን ጠባብ ይሆን ነበር። ጥቅማቸው ከቀዶው በፊት ባሉት ሳምንታት ይታያል። የብረት ማዕድን እጥረት ያስከተለው ደም ማነስ በደም ሥር በሚሰጥ ብረት ሊሻሻል ይችላል፤ ሲጋራ ማቆም፣ በየቀኑ መራመድ፣ ስኳርን ማስተካከልና ምግብን ማጠናከር ይቻላል። ከቀዶው በኋላም ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መርፌ ለሆድ ካንሰር ቀዶ እስከ አራት ሳምንት እንዲቀጥል ይመከራል፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ማቋረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። አንጀቱ የተጋጠመበት ስፌት ማፍሰስ ከጀመረ ደግሞ ታካሚው መትረፍ አለመትረፉን የሚወስነው በአብዛኛው ምልክቱ በስንት ሰዓት ውስጥ ታወቀ የሚለው ነው። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠንና የሆድ ሕመም መባባስ እስከ ነገው የሐኪም ጉብኝት የሚያቆዩት ነገር አይደለም።

ወደ ኬሞው ስንመለስ፣ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል አንድ ከባድ አደጋ አለ። ፍሎሮዩራሲልንና በእንክብል የሚወሰደውን ካፔሲታቢንን ሰውነት የሚያስወግደው ዲፒዲ በተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በዘር ውርስ ያነሰባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ዙር መድኃኒት ብቻ ለሞት የሚያደርስ የአፍና የአንጀት መቁሰል፣ ተቅማጥና የነጭ የደም ሕዋስ መመናመን ሊደርስባቸው ይችላል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2020 ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ታካሚዎች ለዚህ እንዲመረመሩ መክሯል። በአውሮፓ የሚሠራበት የተለመደው የዘረመል ምርመራ የሚፈልጋቸው አራት ለውጦች የተመረጡት በአውሮፓውያን ዘንድ በመገኘታቸው ነው፤ በአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የታየው አንድ ሌላ ለውጥ ከአራቱ ውስጥ የለም። በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚታከም ኢትዮጵያዊ «ምርመራው ንጹህ ነው» ሲባል ምርመራው የትኞቹን ለውጦች እንዳየ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል።

የዕጢው ዘረመል ትንበያውን ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም የሚቀይርበት ቦታ አለ። የዘረመል ስሕተትን የማረም ችሎታቸው የተበላሸ፣ ኤምኤስአይ-ከፍተኛ የሚባሉ ዕጢዎች ከሁሉም የአንጀት ካንሰር 15 በመቶ ገደማ፣ ከተሰራጨው ውስጥ ግን 5 በመቶ ገደማ ናቸው። በ2020 ውጤቱ በወጣ፣ 307 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው የሰውነት መከላከያን የሚያነቃቃ መድኃኒት ካንሰሩ ሳይባባስ የሚቆይበትን መካከለኛ ጊዜ ከ8.2 ወር ወደ 16.5 ወር አራዝሟል። ስለዚህ ከዚያ በፊት በታከሙ ሰዎች መረጃ የተሠራ ቀመር ለእነዚህ ታካሚዎች ያረጀ ነው። ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ካንሰሩ የተባባሰባቸው ሰዎች በኬሞ ከታከሙት ይልቅ በፔምብሮሊዙማብ ከታከሙት መካከል ይበዙ ነበር፤ የቅርብና የሩቅ አደጋ በአንድ መስመር እንደማይጓዙ ይህም ሌላ ማሳያ ነው።

እነዚህ ሁሉ ስሌቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በምሥራቅ እስያ ታካሚዎች ላይ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአንጀት ካንሰር በወንዶች ዘንድ በግንባር ቀደምነት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ እንደሆነ ታውቋል፤ ታካሚዎቹም ከአውሮፓውያኑ በዕድሜ ያነሱ ሲሆኑ ብዙዎቹ ሕክምና የሚደርሱት ካንሰሩ ከገፋ በኋላ ነው። አንድ ምሳሌ ብንወስድ፣ በአውሮፓ የክብደትና የቁመት ምጣኔው 19 የሆነ ታካሚ ምናልባት በወራት ውስጥ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያው 19 ዕድሜውን ሙሉ ቀጭንና ጤነኛ የነበረን ገበሬ ሊያመለክት ይችላል። ቀመሩ ሁለቱን አይለይም። ወጣት መሆኑ ደግሞ አደጋውን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ዘግይቶ መምጣቱን ግን አያውቅም። መፍትሔው ቀመሮቹን መጣል ሳይሆን፣ በኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይ ተፈትነው ክብደቶቻቸው እንዲስተካከሉ ማድረግ ነው። ለዚህም ኢኮግና አልቡሚን፣ የተመረመሩት ኖዶች ብዛትና ታካሚው በ90ኛው ቀን በሕይወት መኖር አለመኖሩ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ መጻፍ አለባቸው። ከእነዚህ የመጨረሻው ወደ ገጠር ለተመለሰ ታካሚ ስልክ መደወልን ይጠይቃል።

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታካሚው ሳይሆን ለቤተሰቡ መንገር የቆየ ልማድ ነው። የልማዱን ርኅራኄ አልነቅፍም። ሆኖም ከፍ ያለ የቶሎ ሞት አደጋ ከታካሚው ከተደበቀ፣ ሌሎች የሚወስኑለት ነገሮች የራሱ ውሳኔ መሆን የነበረባቸው ናቸው፦ ሦስት መድኃኒት በጋራ ልውሰድ ወይስ በአንድ በቀነሰ መጠን ልጀምር፣ ከዚህ ጋር ሕመም ማስታገሻውን ሕክምና አሁኑኑ ላግኝ ወይ፣ ማንን ልይ፣ ምን ላስተካክል። በውጭ አገር የሚታከሙ ወላጆች ልጆቻቸውን ባያስተረጉሙና ሆስፒታሉ ባለሙያ አስተርጓሚ እንዲመድብ ቢጠየቅ፣ ቁጥሩ ሳይለሰልስም ሳይጋነንም ይደርሳል። የማስታገሻ ሕክምና ቶሎ መጀመሩም ተስፋ መቁረጥን አያመለክትም፤ ሕመም፣ ማስመለስና ጭንቀት ሲቀንሱ ሰው ይበላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ የኢኮግ ደረጃውም ሊሻሻል ይችላል።

ትንበያ በአንድ ቀን ተሰልቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ከሁለት ዙር ኬሞ በኋላ አልቡሚኑ ከፍ ያለ፣ ከአልጋው ተነሥቶ መራመድ የጀመረ ሰው የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አይመለከተውም፤ እንደገና ሊሰላለት ይገባል። ዕጢው በቀዶ የወጣለትና 90 ቀኑን ያለፈ ሰው ደግሞ በመግቢያው አንደኛ ወዳልነው የሩቅ ጊዜ ጥያቄ፣ ካንሰሩ ይመለሳል ወይ ወደሚለው ይሸጋገራል። ከሚመለሱት አብዛኞቹ የሚመለሱት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ስለሆነ ክትትሉ በዚያ ጊዜ ይጠብቃል፦ ሲኢኤ የተባለው የደም ምርመራ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን ሐኪሙ በሚወስነው ልዩነት፣ ኮሎኖስኮፒ (የአንጀትን ውስጥ በካሜራ ማየት) ደግሞ ቀዶው በተደረገ በዓመቱ።